አሥራ አንድ ሳምንት የበራ አረንጓዴ

ባለጀልባዋ ገመዷን በትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፣ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና፣ «ዛሬ ሰው ላሻግር ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጠየቀች።

የጠየቀችው አባቷን አልነበረም። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ወንዝ ከፍታ በዓይናቸው እያነበቡ በመዝገብ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ጋሽ ሜትር» ካልተባለ በቀር ማንም አያውቃቸውም። ባለፈው በጋ ግን ወንዙ ላይ መሣሪያ ተተከለና እሳቸው በጭብጨባ ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው አሁን ከኋላቸው ቆሞ የቦርሳውን ማንገቻ የሚያጠብቀው ቀጭን ሰው ነው፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን። ቅጥነቱና ሥራው ተጋግዘው «ሽቦ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ሽቦ ወንዙ ዳር በብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን መብራት አየ። አረንጓዴ ነው። ውሃው ደህና ነው ማለት ነው። ቀይ ሆኖ ከጮኸ ደግሞ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ሁላችሁም ውጡ ማለት ነው።

«ዛሬ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ» ማለት ነበረበት። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ግን «ለምን?» ብትለውስ? ምን ሊላት ነው? ወደ መብራቱ ጠቆመና፣

«መብራቱን እያየሽ አሻግሪ» አላት።

«እሺ፣ አንተ ካልክ።»

ያቺ «አንተ ካልክ» ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ስትወጋው ዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሻገሪያው በላይ የአሥር ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ወንዙ ከገደል መሃል በሚወጣበት ቦታ፣ ሦስት መለኪያዎች አሉ። ውሃው ከፍ ሲል ይናገራሉ። የሚናገሩት ግን በቀጥታ ለመብራቱ አይደለም፤ ገደሉ አናት ላይ በብረት ሣጥን ውስጥ ለተቀመጠች ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እዚያ ውስጥ መልእክት አቀባይ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥራው የፖስታ ቤት ሥራ ነው፤ ከመለኪያው ይቀበላል፣ በሬዲዮ ለመብራቱ ያደርሳል። አቀባዩ ከሌላው የኮምፒውተር ሥራ ጋር እንዳይደባለቅ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ ባለሙያዎቹ ይህን ክፍል ኮንቴይነር ይሉታል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጀመሪያ ሲሰሙ «ኮንቴይነር? በየትኛው ክሬን ልታወጡት ነው?» ብለው ነበርና ሽቦ ያን ዕለት በሳቅ ሊሞት ነበር። አሁን ሳቅ የለም።

የተዘጋ ክፍል በር ይፈልጋላ! ሽቦ ወደ መለኪያዎቹ በኩል ያለውን በር ሳይከፍት ነው ሥራውን የጨረሰው። ረስቶ ነው? አዎ፣ ረስቶ ነው። መርሳት ያለ ነው፣ ማንም ይረሳል። ነውሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፣ መለኪያዎቹ ያሉት ሁለት መቶ ደረጃ ታች ነው፣ በማግስቱ ደግሞ ለምረቃው እንግዶች ይመጣሉ። አሁን ማን ይወርዳል? እዚያው ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ በገዛ እጁ «ደህና» የሚል መልእክት ላከ። ራሱ ላከ፣ ራሱ ተቀበለ። መብራቱ በተከፈተ ቁጥር ወዲያው እንዲያገኘውም መልእክቱ ላይ «ያዝ» የሚል ምልክት አደረገበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መልእክት አቀባይ ከሁለቱም ይብሳል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ሦስቱም መለኪያዎች በየቦታቸው ተሞክረዋል» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራቱን ሊያጸዳ ሆዱን ከፍቶ የመጨረሻውን መልእክት አነበበ። መልእክት፦ ደህና። ላኪ፦ ሽቦ። ቀን፦ የዛሬ አሥራ አንድ ሳምንት።  ሰው ሁሉ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በእሱ በአንዲት ውሸት ተማምኖ ሲሻገር ከርሟል። በጋ ስለሆነ እንጂ! አሁን ግን ደመናው መጥቷል።

መብራቱን ማጥፋት ይችል ነበር። ግን የጠፋ መብራት ጠያቂ አለው፤ የበራን ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ማንም ሳያውቅ ወጥቶ፣ በቦርሳው በሚይዘው ኮምፒውተር በሩን ከፍቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ሊመለስ ቆረጠ። የላዩን መንገድ አብጠርጥረው የሚያውቁት ጋሽ ሜትር ብቻ ናቸው። «ለጥገና ነው» ብሏቸው ይዟቸው ወጣ።

ከመሻገሪያው ወዲያ መኪና አይገባም፣ ስልክም አይሠራም። ወንዙን በግራ አድርገው፣ እሾሁን በክንዳቸው እየገፉ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ወጡ። ሽቦ ከፊት ይሮጣል ማለት ይቻላል።

«አንተ ልጅ» አሉ ጋሽ ሜትር ከኋላ፣ «ጥገና ነው ያልከኝ ወይስ ሠርግ?»

«ዝናቡ ሳይመጣ እንድረስ ብዬ ነው ጋሽ ሜትር።»

«ዝናቡማ ቀድሞሃል።» በከዘራቸው ወደ ላይ አሳዩት። ጠዋት ቁልጭ ብሎ ይታይ የነበረው ተራራ የለም፤ ጥቁር ነገር ውጦታል።

አራት ሰዓት ገደማ በረዶ ወረደባቸው። በገደሉ ወገብ ላይ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ላይ ነበሩ፤ በስተቀኝ ድንጋይ፣ በስተግራ አየር። በረዶው አናታቸውን ቀጠቀጠው፣ ጭቃው ከእግራቸው ሥር ሸሸ። ሽቦ አንድ እግሩን አነሳ፣ ያሳረፈበት መሬት ግን አብሮት ወረደ። በደረቱ ተደፋ፣ ተንሸራተተ፣ እግሮቹ ባዶ ላይ ተንጠለጠሉ። በአንድ እጁ የሥር ጉማጅ ጨበጠ፣ በሌላው ቦርሳውን።

«ቦርሳውን ጣለውና እጅህን ስጠኝ!»

«አልችልም! ኮምፒውተሩ አለበት!»

«ከነፍስህ ይበልጣል? አንተ ደረቅ!» ጋሽ ሜትር በሆዳቸው ተኝተው የከዘራቸውን ቆልማማ ጫፍ ከቦርሳው ማንገቻ ውስጥ አስገቡና ሰውየውንም ቦርሳውንም አንድ ላይ ጎተቱ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ካወጡት በኋላ ጎኑ ተቀምጠው እያለከለኩ፣ «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስመላለስበት ለመዝገብ ብዬ ልሞት አስቤ አላውቅም» አሉ።

ሽቦ ያኔ ሊነግራቸው ነበር። እውነት ነው፣ አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ሽማግሌው የተላጠ ክርናቸውን እየጠረጉ በደግ ዓይን ሲያዩት ጊዜ ቃሉ ጠፋው። ሀፍረትም እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል። ትናንት ቢናገር የሚያፍረው በአንድ መልእክት ነበር፤ አሁን በመልእክቱም፣ በጠዋቱ መልሱም፣ በሽማግሌው ክርንም ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንዙ መልኩን ለወጠ። ጋሽ ሜትር ጎንበስ ብለው ከውሃው ላይ አንድ ቅጠል አነሱና አሸቱት።

«እርጥብ ነው። አሁን የተቀነጠሰ። ላይ ክፉኛ ዘንቧል።» ከዚያ ለራሳቸው ያህል ጨመሩ፦ «ደግነቱ መብራቱ አለ።»

ሽቦ እርምጃውን አፈጠነ። መንገዱ ሸንበቆ ውስጥ ገባ፤ ሸንበቆው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ የሚታየው የፊት ለፊት ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ጋሽ ሜትር በድንገት ትከሻውን ጨብጠው አቆሙት። ከበስተቀኝ አንድ ነገር በአፍንጫው ተነፈሰ። ረጅም፣ ወፍራም ትንፋሽ ነው።

«ጉማሬ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ጎርፉ ከኩሬው አስወጥቶታል። እሱ እዚያ፣ ውሃው እዚህ፣ እኛ መሃል።»

«ምን ይሻላል?»

«ዛፉ ይታይሃል? ስልህ...»

ሳይጨርሱ ሸንበቆው ተሰነጠቀ። እግሬ አውጪኝ! ሽቦ ሽማግሌውን ከፊቱ ገፍቶ ወደ ዛፉ ሮጠ፣ በትከሻው ደግፎ ወደ ላይ ወረወራቸው፣ ራሱ ሊንጠላጠል ሲል ቦርሳው ጎተተው፤ ማንገቻውን ፈታና ለቀቀው። እግሩን እንደ ሰበሰበ ያ ግዙፍ ግራጫ ነገር ከሥሩ አለፈ። ዛፉ ተናወጠ። ከታች፣ በጉማሬው እግር ሥር፣ ኮምፒውተሩ «ቀጭ» ሲል ሰሙት።

ጉማሬው ውሃው ውስጥ ዘፍ ብሎ ከጠፋ በኋላ ወረዱ። ሽቦ ከጭቃው ውስጥ የመስታወት ስብርባሪና የተጣመመ ክዳን ለቀመ። 

«በል ልጄ፣ ነፍሳችን ተርፋለች፣ እንመለስ» አሉ ጋሽ ሜትር። «ጥገና ለሌላ ቀን ይደርሳል።»

«አይደርስም።»

«ለምን?»

ይኸው ጠዋት የሸሻት ቃል፣ ሸንበቆ ውስጥ ጠብቃ ያዘችው። «ዝም ብሎ... መድረስ አለብኝ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩትና ከፊት ሆነው መንገዱን ቀጠሉ። ባዶ እጁን ደርሶ ምን እንደሚያደርግ ሽቦም አያውቅም። እግሩ ግን ወደ ላይ ነው።

ገደሉ አናት ላይ የደረሱት ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ከብረት ሣጥኑ ጎን ሞተር ሳይክል ቆሟል። ሣጥኑን ተደግፋ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ ላይ ኮምፒውተር አለ። ሽቦ ሲያያት ባለበት ቆመ። መለኪያዎቹን የገጠመው ድርጅት ኢንጂነር ናት። የእሷ ድርጅትና የሽቦ መሥሪያ ቤት ሲገናኙ እንደ እሳትና ጭድ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጥፋት ሲፈልግ ነው የሚውለው። በአምባው በኩል የአንድ ቀን መንገድ ዞራ፣ ከእሱ ቀድማ ደርሳለች። በቃ፣ ጉዱን ደርሳበታለች አለ በልቡ።

«መጣህ?» አለችው። ዓይኗ ቀልቷል። «እሰይ። ሳቅብኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«መለኪያዎቼ ዲዳ ሆነዋል። ሁለት መቶውን ደረጃ ወርጄ አየኋቸው፣ ይናገራሉ፣ ግን ማንም አይሰማቸውም። አንተ በየቦታቸው ሞክረህ ፈርመሃል፤ ያኔ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተበላሸው የኔ ሥራ ነው። በገዛ እጄ ነው የገጠምኳቸው።» ወረቀቱን አሳየችው። «ጥፋቱ የገጣሚዋ ነው» የሚለውን ጽፋ ጨርሳ ነበር፤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

እንግዲህ ሰይጣን ከዚህ የበለጠ ምን ያቀርባል? ዝም ማለት ብቻ ነው። «እስቲ ኮምፒውተርሽን ላንዴ» ቢላት ትሰጠዋለች። በሩን በደቂቃዎች ይከፍታል፣ የቆየችውን መልእክት ያጠፋል፣ ጥፋቱ በእሷ ስም ይጻፋል። እጁን ዘረጋ። ሊላትም ነበር።

«የታችኛው ደረጃ ሰጠመ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሜትር ከገደሉ ጠርዝ። «ሌላም ሰጠመ! ይህ ውሃ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ መሻገሪያው ላይ ነው!» ከዚያ ወደ ሽቦ ዞሩ። «መብራቱ ነግሯቸዋል አይደል? ይሄኔ ወጥተዋል። አይደል?»

ሽቦ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«አልነገራቸውም» አለ። «ጋሽ ሜትር፣ መብራቱ ውሸት ነው። አንድም ቀን መለኪያ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ያበራሁት። በሩን አልከፈትኩትም፣ ደረጃውንም አልወረድኩም፣ ሳልሞክር ነው የፈረምኩት።» ወደ ሴትየዋ ዞረ። «ያንን ወረቀት ቅደጂው። ያንቺ ሥራ ምንም የለበትም።»

  ጋሽ ሜትር ቀስ ብለው ተጠጉት። ከዘራውን ከፍ አደረጉት። ሽቦ አልሸሸም፤ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

«ልጄ እዚያ ናት» አሉ። «አንተን ጠይቃህ ነው የገባችው።» ከዘራው አልወረደበትም። «ጥገና የሚሄድ ሰው እንዲህ እንደማይሮጥ አውቄ ነበር። ዝም ያልኩት ትናገራለህ ብዬ ነው። አሁን የምትሠራውን ሥራ!»

ሴትየዋ ኮምፒውተሯን ጉልበቱ ላይ ጣለችለት። «በሩን ብትከፍተውም መለኪያዎቹ ወዲያው አይገቡም» አለች በፍጥነት። «ስንት ጊዜ አንኳኩተው ስላልተከፈተላቸው በሰዓት አንዴ ብቻ ነው የሚሞክሩት። ገና አርባ ደቂቃ ይቀራል። ወርጄ ልቀስቅሳቸው ብልም ደረጃው ሰጥሟል። አሁኑኑ አንተ በእጅህ አደጋ ብለህ ላክ!»

ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ደረቁ። «በኔ ስም ከሄደ አያምኑትም» አለ። መብራቱ ቀይ ሲሆን ከሥሩ የላኪውን ስም ይጽፋል። ሲተከል ሰሞን ሽቦ ሦስት ጊዜ ለሙከራ አስጩኾት፣ ሰዉ ዕቃውን ጥሎ ዳገት እየሮጠ ሰድቦት ነበር። «የኔን ስም ካያችሁ ሙከራ ነው፣ አትሩጡ ብያቸዋለሁ» አለ።

«በመለኪያ አንድ ስም ላከዋ! ማን ያውቃል?»

«ሌላ ውሸት አልልክም። ደግሞ ስንት ሜትር ብዬ?»

«አራት ሜትር ከሃያ» አሉ ጋሽ ሜትር። ቋጥኙ ላይ በሥራ ዘመናቸው በቀለም የተሰመረውን ልክ ከጠርዙ አጎንብሰው እያዩ ነው። «አራት ከሃያ፣ እየጨመረ። ጻፍ። ባነበበው ሰው ስም ጻፍ።»

ሽቦ ጻፈ። መጀመሪያ በዚያው አድራሻ ባዶ መልእክት ላከ፤ አቀባዩ የያዘውን የሚለቀው ባዶ ሲሰጡት ነው። አሥራ አንድ ሳምንት የበራው «ደህና» ጠፋ። ቀጥሎ፦ አደጋ። አራት ሜትር ከሃያ፣ እየጨመረ። ላኪ፦ ጋሽ ሜትር። ከዚያ የድሮውን ክፍል አፍርሶ፣ ያንኑ ዕቃ ይዞ፣ በሩ ወደ መለኪያዎቹ በኩል ክፍት የሆነ አዲስ ክፍል ሠራ። ይህን ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። በመጀመሪያው ቀንም አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መለኪያ አንድ ገባ፦ አምስት ሜትር። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው አልመጣም፤ ጎርፉ ወስዶታል። ታች ሰው ይትረፍ አይትረፍ ግን ማወቂያ የለም፤ መብራቱ መስማት እንጂ መመለስ አይችልም። ሴትየዋ መለኪያዎቹን ልትጠብቅ እዚያው ቀረች። ሁለቱ ሰዎች ገና ጎህ ሲቀድ ቁልቁል ወረዱ። በመንገድ ሙሉ ጋሽ ሜትር አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ ሽቦም አልጠየቃቸውም። በገደሉ ወገብ ላይ ሲደርሱ ግን ሽማግሌው ቀድመው አልፈው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ከዘራቸውን ዘረጉለት።

መሻገሪያው ሲታይ ጋሽ ሜትር ሮጡ። ወንዙ ዳሩን በልቶታል፣ ጀልባው የለም፣ ገመዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ከዳገቱ ላይ ግን ሰው አለ፣ ብዙ ሰው። ከመሃላቸው ባለጀልባዋ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ እየሮጠች ወረደችና አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ ውሃው መሃል ነበርኩ! ዘጠኝ ሰው ጭኜ! ሲጮህ የሽቦ ሙከራ ነው ብለው ሳቁ፣ እኔ ግን ስምህን አነበብኩት። ገመዱን ወደ ኋላ ጎተትነው፣ እንደወረድን ጀልባው ሄደ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ...» 

ሰዉ ሽቦን ሲያይ ጮኸ። አጨበጨቡለት። አንድ ሽማግሌ ግንባሩን ሳሙት፣ ሕፃን ያዘለች ሴት እጁን ይዛ «ማሽንህ አተረፈን፣ እድሜ ይስጥህ» እያለች አለቀሰች። ጋሽ ሜትር በልጃቸው ትከሻ በላይ ያዩታል። ምንም አላሉም። እንደማይሉም ሽቦ አወቀ፤ ለእሱ ትተውለታል።

እጁን ቀስ ብሎ ከሴትየዋ እጅ አወጣ።

«እኔ አይደለሁም ያተረፍኳችሁ» አለ። «ልገድላችሁ ነበር።» ሁሉንም ነገራቸው፤ ያልከፈተውን በር፣ ያልወረደውን ደረጃ፣ ፊርማውን። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት፣ ሁለቴም ቀጠለ። ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ሞተ። ሕፃን ያዘለችው ሴት ወደ ኋላ ራቀች።

ባለጀልባዋ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ትናንት ጠዋት» አለች፣ «ላሻግር ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» ቢል ግማሹ ይቅር ይለዋል። ሁሉም እንዲያ እንዲል የሚፈልግ ይመስላል፣ እሷም ጭምር።

«አውቅ ነበር» አለ። «አፍሬ ነው።»

እሷ አልጮኸችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ወዲያው ደረቀ። ከመሬት የተበጠሰውን ገመድ አነሳችና ጫፉን ደረቱ ላይ ወረወረችው።

«ጀልባዬ ከታች ቋጥኝ ላይ ተሰክቷል» አለች። «ያዝ።»

ሽቦ ገመዱን ይዞ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ጭቃው ወረደ። እስኪመሽ ድረስ ከሰዉ ጋር ጎተተ፤ ማንም አላናገረውም፣ እሱም ፊቱን አልደበቀም።